ውሃው ከጠራ በኋላ

ልጅቷን ቤተሰቡ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚላት። አፏን ከፈታች ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም፤ እንቅልፍ እንኳ የሚወስዳት ወሬ ጀምራ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላት ግን ቃላቷ አንድ በአንድ ጠፉ። ሆዷን ይቆርጣት፣ ስትሄድ ያደናቅፋት ጀመር።

ሆስፒታል ሲወስዷት ሐኪሙ «ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል» ሲል፣ እናቷ «ኧረ ዶክተር፣ እርሳስ አልዋጠችም፤ ደብተር እንኳ የላትም» አለችው።

ሐኪሙ አልሳቀም። «የሚጻፍበትን አይደለም፤ ብረቱን ነው የምልዎት። የአባቷ ሥራ ምንድን ነው?»

አባቷ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ጓሮው ውስጥ አቅልጦ ይሸጣል። የሚጠጡትንም ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ጓሮ ጉድጓድ ነው። ሁሉም የጠረጠሩት ውሃውን ነበር።

የእናቲቱ ታላቅ እህት የኬሚስትሪ ተመራማሪ ናት። ላቦራቶሪዋ ውስጥ የምትሠራው እርሳስን ከውሃ ለቅሞ የሚይዝ ፖሊመር ነው፤ ሲያዩት የዓሣ ዕንቁላል የመሰለ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬ። እህቷ በስልክ አልቅሳ ሳትጨርስ፣ ፍሬውን ቧንቧ ውስጥ ሞልታ፣ ጉድጓዱ ላይ ልትገጥመው ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ልጄ ትድናለች?»

«ውሃው ይጠራል» አለች። የተጠየቀችውን እንዳልመለሰች ሁለቱም አውቀዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ፍሬዎቹ ቡናማ ሆኑ። የጉድጓዱ ውሃ ዝገት ሸፍኗቸው፣ እርሳሱ ሳይያዝ ያልፍ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ገጥሟት አያውቅም፤ እዚያ ውሃውን የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ፍሬዎቹን በአሲድ አጠበች፤ ውሃው ቀድሞ በአሸዋ እንዲያልፍ አደረገች፤ እጇ እስኪላጥ ሠራች። በመጨረሻ መመርመሪያው ውሃው ውስጥ እርሳስ አጣ። ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

የልጅቷ ደም ግን ሲመረመር እርሳሱ ብሶ ተገኘ።

አክስቷ ግራ ገብቷት ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ የልጅቷ አባት ከጓሮው የእርሳስ ማቅለጫ ምድጃ መጣ። ልጅቷ እየተንገዳገደች ሄዳ እግሩን አቀፈችው። አንስቶ ሳማት። የልብሱ ግራጫ አቧራ ጉንጯ ላይ ቀረ፤ እጇን አፏ ውስጥ ከተተች።

«አስቀምጣት» አለች አክስቷ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አስቀምጣት አልኩህ። ልብስህ ላይ ነው ያለው። ወለሉ ላይ፣ አልጋው ላይ። እኔ ጉድጓድ ጉድጓድ ስል...»

ሰውየው ልጁን ቀስ ብሎ አወረዳት። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። «ታዲያ ያ ፍሬሽ ከውሃ ካወጣ ከደሟስ አያወጣም?»

«አያወጣም፣ ወንድሜ። አጥንቷ ውስጥ ገብቷል።»

እናትየው ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «ያን ያህል የተማርሽው ለጉድጓድ ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ምድጃው በማግስቱ ፈረሰ። ቤቱን ጥለው ሌላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ፣ እርሳሱን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ተሰጣት። ቁርጠቱ ተዋት፤ ወሬዋ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙም «እንግዲህ መጠበቅ ነው» አለ። አክስቷ የድሮው ጉድጓድ ጋ እየሄደች ፍሬዎቹን ታጥባለች፤ ጎረቤት ከዚያ ይቀዳል። ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች።

አባትየው አሁን የዱቄት ጆንያ ተሸካሚ ነው። ማታ ሲገባ ደጅ ላይ ልብሱን አውልቆ፣ ክንዱን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ቆዳው ይቀላል።

«ዱቄት እኮ ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

እሱ መታጠቡን አይተውም። ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ፣ ዝም ብላ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።