ጎርኖ ትርኔ፦ ሕዝብ የለም

ጎርኖ ትርኔ የተባለችው የተራራ መንደር ያለቀችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ያለ ወረርሽኝ፣ ያለ ጦርነት፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያስል። መርዶውን ያረዳቸው የአውቶቡሱ ሹፌር ካንቾ ነበር። የመንደሩን ዳቦ ካከፋፈለ በኋላ የወረዳውን ጋዜጣ ከወንበሩ ሥር መዘዘና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ቄስ እየሳበ አነበበላቸው።

«የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት። ጎርኖ ትርኔ። ሕዝብ፦ የለም። ቤተሰብ፦ የለም። ቤት፦ ስልሳ ሦስት፤ ሁሉም ባዶ።»

ስታሜና ሁለት ዳቦ በብብቷ ይዛ ሰማች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ስትጥል ይሰማል።

«እስቲ ድገመው።»

«ብደግመው አይበዛ፣ እማማ ስታሜና። የለም ነው የሚለው።»

«እኔስ ማን ነኝ ታዲያ?»

«እንደ ጋዜጣው ከሆነማ ዳቦ የያዘ ባዶ ቤት ነሽ፤» አላት ፕሮይቾ ከኋላዋ።

ፕሮይቾ የመንደሩ ውሸታም ነው። ሌላውም ይዋሻል፤ እሱ ግን ሥራዬ ብሎ ይዞታል። በወጣትነቱ ከርከሮ ላይ የተኮሳት ጥይት ዒላማዋን ስታ፣ ሦስት ኮረብታ ዞራ፣ አፍራ ተመልሳ ጠመንጃው ውስጥ መግባቷን ሲያወራ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ከርከሮውም በየዓመቱ አንድ ክንድ እየጨመረ አሁን ጎተራ አክሏል።

ሰዉ ሳቀ። ካንቾ ግን አልሳቀም። ጋዜጣውን አጥፎ፣ ዓይኑን ከስታሜና ሸሸት አድርጎ ተናገረ። «የሚመጣው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻው ጉዞዬ ነው። ለባዶ ቤት አውቶቡስ አይላክም ብለዋል።»

የስታሜና ዳቦ አንዱ ወደቀ።

ልጇ ልዩበን ከተማ ውስጥ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ባለፈው ፋሲካ መጥቶ እጇን ይዞ ምሎባታል፤ «እማዬ፣ አውቶቡሱ እስካለ ድረስ ደስ እንዳለሽ ኑሪ። የቀረ ቀን ግን ተሸክሜሽም ቢሆን እወስድሻለሁ።» ልዩበን ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ያንን ስምንተኛ ፎቅ ስታሜና አይታዋለች። መስኮቱን ከፍታ ብቅ ብትል እርግቦቹ ከታች ሲበርሩ አየች። «እርግብን ከላይ ሆኖ ጀርባዋን የሚያይ ወይ መልአክ ነው ወይ የሞተ ነው፤» ብላ ዘጋችውና፣ እስክትመለስ ድረስ መጋረጃውንም አልገለጠችው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። ቆጣሪው የመጣው መንደሩ የፕሪም አረቄውን በሚያወጣበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጎርኖ ትርኔ ውስጥ ቤቱ የሚገኝ ሰው የለም፤ የታመመውም በጋሪ ተጭኖ ወንዙ ዳር፣ ከጋኑ አጠገብ ይውላል። የዘንድሮው አረቄማ እንፋሎቱ ብቻ በላዩ ያለፉ ዳክዬዎችን አስክሮ፣ ወደ ደቡብ መሄድ ሲገባቸው እያዜሙ ወደ ሰሜን ሄደዋል። ይህን ያየው ፕሮይቾ ነው።

እንግዲህ የከተማው ሰው መጥቶ በር ያንኳኳል፤ ዝም። ቀና ሲል በሩ ላይ፣ በአገሩ ወግ ለሞተ ሰው የሚለጠፈው የመርዶ ወረቀት፤ ፎቶ፣ ስም፣ ጥቁር ሪባን። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ወረቀት ዝናብ ያወርደዋል፣ የሚመልሰውም የለም። ጎርኖ ትርኔ ውስጥ ግን በየሙት ዓመቱ ይታደሳል። የስታሜና ባል ጌርጊን ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁንም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ በዚያ በማይሸነፍ ጺሙ፣ መጪውን ሁሉ ያፈጥበታል። ቆጣሪው ከበር ወደ በር በሄደ ቁጥር የሚቀበለው የሙት ፊት ሆነበት። ስልሳ ሦስቱን ቤት ጽፎ፣ «ነፍሳቸውን ይማር» እያለ፣ ጨለማ ሳይዘው ሸሸ።

«ማመልከቻ እንጻፍ፤» አለ አንዱ።

«የሙት ማመልከቻ ማን ይቀበላል?» አለ ፕሮይቾ። «የቁም ተዝካራችንን አውጥተውልን የለ! ቢያንስ ጠርተው ቢያበሉን ምን ነበረበት?»

ስታሜና የወደቀውን ዳቦ አንስታ በቀሚሷ እየጠረገች ነበር። «እነዚህ ሰዎች የሚያምኑት በር ላይ የተለጠፈውን ብቻ ነው፤» አለች። «እንለጥፍላቸዋ!»

በዚያው ሳምንት ዓርብ መንደሩ በሙሉ የክት ጥቁር ልብሱን ለብሶ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ከተማ ሲደርሱ በቀጥታ የመርዶ ወረቀት የሚያትመው ሰውዬ ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ጥቁር ለባሽ ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ፈጣሪ ያጽናችሁ። ማን ነው የሞተው?»

«ማንም፤» አለችው ስታሜና። «ልናሳትም የመጣነው እሱን ነው።»

ሰውዬው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አነበበ፣ ቀጥሎ ሳቀና የማተሚያ መኪናውን አስነሣ። እንዲህ ነበር ያስጻፈችው፦

«በታላቅ ኩራት የምናሳውቃችሁ፤ ወይዘሮ ስታሜና ጌርጊኖቫ በተወለደች በሰባ ስምንት ዓመቷ አልሞተችም። የቀብር ሥነ ሥርዓት የለም። ማልቀስ የፈለገ በራሱ ጉዳይ ያልቅስ።»

የፕሮይቾ ደግሞ፦ «ፕሮይቾ ቫልኮቭ ምንም ሕመም ስላላደረበት ከዚህ ዓለም አልተለየም፤ ለመለየትም ሐሳብ የለውም።»

እያንዳንዳቸው በየፎቷቸው አሳተሙ። ከዚያ የወረዳውን ቢሮ በር ከላይ እስከ ታች ለጠፉበት፤ ሙጫውን የቀላቀለው ፕሮይቾ ስለነበረ ሳይሰስት ነው የቀላቀለው። የቢሮው ኃላፊ ወደ ምሳ ልትወጣ በሩን ብትገፋ በሩ እንቢ አለ። ሁለት ጸሐፊዎች አብረዋት ገፉ፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ በመስኮት ብቅ ብላ እታች የቆመውን ጥቁር ለባሽ ስታይ ክው አለች።

«ምንድነው ይሄ?»

«የምሥራች ነው!» አሏት በአንድ ድምፅ።

ኃላፊዋ ራሷን ይዛ ጥቂት አሰበች። «ስሙኝ፤ ሕጉ አንድ ነው። ከሃያ ሰው በታች ላለው መንደር አውቶቡስ የለም። በመጨረሻው አውቶቡስ ያንኑ ቆጣሪ እልካለሁ። ሃያ ከሆናችሁ መስመሩ ይቀጥላል፤ ካልሆናችሁ ግን እባካችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ራሳቸውን ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠሩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ፕሮይቾ ሲቆጥር ሃያ ሦስት ሆኑ፤ ግን እሱ ነው።

በሳምንቱ ዓርብ በረዶ እየጣለ ቆጣሪው መጣ። ስሙ ዝላቲን ይባላል፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ በከተማ ጫማ የመጣ ሰው ነው። አውቶቡሱን ካንቾ ሞተር ሳያጠፋ አቆመለት። «ፈጠን በል፣ ጌታዬ። መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ ጥሩምባ ስነፋልህ ካልመጣህ ትቼህ ቁልቁል እወርዳለሁ።»

ዝላቲን ከበር ወደ በር ሄደ። አሁን ከየሙቱ ጎን አንድ በሕይወት ያለ ፊት ተለጥፏል፤ ባለቤቱም ከሥሩ ቆሞ፣ «ይኸው፣ አመሳስል!» ይለዋል።

አንዲት እናት የሁለት ሴት ልጆቿን አልጋ ወስዳ አሳየችው። አንሶላው ተነጥፏል፣ ትራሱ ተነፍቷል።

«ትናንት የት አደሩ?» አላት።

«ዋና ከተማው፣ ሶፊያ።»

«እንግዲያው የሶፊያ ናቸው፣ እናቴ። ሰው የሚቆጠረው ባደረበት ነው፤ ልቡ የትም ይደር።»

ፕሮይቾ በራሱ ቤት ተቆጠረ። ትንሽ ቆይቶ ከታችኛው ሰፈር ከአንድ ባዶ ቤት በረንዳ ላይ ጺም ያለው ሰው ብቅ አለ። «የፕሮይቾ ወንድም ነኝ። መንታ ነን፤ እኔ ግን ቆንጆው ነኝ።» ዝላቲን መጻፍ እንደጀመረ የፕሮይቾ ፍየል መጥታ ያንን ጺም አሸተተችና ሳበችው፤ ከእሷው የተቆረጠ ፀጉር ነበር። ጺሙ በአፏ ቀረ።

«እሺ፣ እሷን ጻፋት፤» አለ ፕሮይቾ ሳያፍር። «ስሟ ሚኒስትሯ ነው። ከእውነተኛው ሚኒስትር ይልቅ እሷ እዚህ አድራለች!»

እስክሪብቶው እንደተነሣ ቀረ። ስታሜና ከኋላ መጥታ ፕሮይቾን በምርኩዟ ጎሸመችው።

«ዝም በል፣ አንተ ቀጣፊ! የሌለ ሰው ካስቆጠርን ምን ለየን? እነሱ ባዶ ብለው ዋሹ፣ እኛ ደግሞ ሙሉ ብለን እንዋሽ? ያለነው ያለን ነን።»

«በአንድ ሰው ጉድለት ልትሄጂ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! አንድ ሰው!»

«እኔ የትም አልሄድም። ጻፍ፣ ልጄ። አሥራ ዘጠኝ።»

በዚህ መሐል ካንቾ ሦስት ጊዜ ነፍቶ ነበር። የሰማው የለም። ብቅ ቢሉ የአውቶቡሱ ፈለግ ላይ አዲስ በረዶ እየሞላ ነው።

ዝላቲን ስታሜና ቤት ገባ። የቦሎቄ ሾርባ ከጨው ጎመን ጋር ሰጠችው፤ ድስቱን መሐል አድርገው በሉ። እግሩን ምድጃው አጠገብ ሲያሞቅ ድፍረት አገኘ። «እማማ፣ አይቀየሙኝና ያንን የባለቤትዎን ወረቀት ከበሩ ቢያነሱት ኖሮ እኮ ያኔ አልሳሳትም ነበር።»

«ጌርጊን ከበሩ አይነሣም። እሱ በሩን ይጠብቅ፤ አንተ ዓይንህን ጠብቅ።» ደግሞ ጨለፈችለት።

ሲነጋ በረዶው መስኮቱ ሥር ደርሷል። የመንደሩ አንድ ስልክ የፖስታ ቤቱ ጣሪያ ከወደቀ ወዲህ ስታሜና ቤት ኮሪደር ላይ ነው የሚኖረው። ዝላቲን ወደ ቢሮው ደወለ። ፕሮይቾም ድምፅ ሰምቶ በረዶውን በአካፋ እየጣሰ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። የኃላፊዋ ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው አልፎ ለሁሉም ይሰማል።

«ስንት ሆኑ?»

«አሥራ ዘጠኝ፣ እመቤቴ። እኔም እዚሁ ቀርቻለሁና አውቶቡሱን ቢልኩልኝ።»

«ከሃያ በታች አውቶቡስ አንልክም። ሕጉን ታውቀዋለህ።»

«በረዶው እኮ ወገብ ድረስ ነው!»

«በእግር ወርደህ ትልቁ መንገድ ላይ ጠብቅ።»

ዝላቲን ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «በእግር ይወረዳል?»

«ለምን አይወረድም?» አለ ፕሮይቾ። «አምና ፖስተኛው ወርዷል።»

«ደረሰ?»

«ጫማው ደርሷል። በመጋቢት።»

ስታሜና ወንበሯ ላይ ቦሎቄ እየለቀመች ነበር። አልለመነችም፣ ቀናም አላለች። «ዝላቲን፣ ልጄ፤ ትናንት የት አደርክ?» ብቻ አለች።

ቦሎቄ ሳህን ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ዝላቲን የከተማ ጫማውን አየ፤ ምድጃው አጠገብ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ከዚያ መዳፉን አነሣ።

«እመቤቴ፣ ሃያ ናቸው።»

«አሁን አሥራ ዘጠኝ አላልክም?»

«አንድ ሰው ዘልዬ ነበር። ትናንት እዚህ ማደሩን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማን ይባላል?»

ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ዝላቲን ፔንቼቭ።»

«ይሄ ቀልድ ነው?»

«ቀልዱማ ያለፈው ቆጠራ ነበር። እሱን ሲቀበሉኝ ያልሳቁ ይሄንንም ሳይስቁ ይቀበሉኝ።»

ፕሮይቾ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨምረው ነገር አጣ።

«የማን ቤተሰብ ብዬ ነው የምጽፈው?» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ፤ ድምጿ ዝግ ብሏል።

«ቅጹ ከአንድ ድስት የበሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው ነው የሚለው። የእማማ ስታሜና ብለው ይጻፉ።»

በማግስቱ አውቶቡሱ የበረዶ ጠራጊ መኪና አስቀድሞ መጣ። ካንቾ ከታችኛው ጥምዝ ጀምሮ ጥሩምባውን እንደ ሠርግ እየነፋ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረደው ዳቦ አልነበረም። ልዩበን ነበር፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣና ገመድ ይዞ።

ስታሜና በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። በስተቀኟ ጌርጊን፣ በስተግራዋ የራሷ ፎቶ፤ መሐል እሷ።

«እማዬ፣ ተነሽ፤» አለ ገና ከአጥሩ ሳይገባ። «ምዬልሽ አልነበር? አውቶቡሱ ቀርቷል።»

«በምን መጣህ?»

«በአውቶ...» አለ ልዩበን።

ዞር ብሎ አየው። ሞተሩ እየሠራ፣ ካንቾ ዳቦ እያወረደ፣ ዝላቲን ውስጥ ተቀምጦ በአውቶቡሱ መስኮት እጁን እያውለበለበ። ልዩበን ሻንጣውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ፤ ከግራው ደግሞ በረዶው ላይ አስቀመጠው።

«በል ግባ፣ ሾርባው እየበረደ ነው፤» አለች ስታሜና። «ግን ለማደር ካሰብክ ከአሁኑ ልንገርህ፤ እዚህ ያደረ ይቆጠራል።»

«ሃያ አንድ!» አለ ፕሮይቾ ከአጥሩ ማዶ፤ ፍየሏም የራሷን ጨምራ አሰማች።