ከማሽኑ ማዶ የነበረችው

ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን ከመያዙ በፊት እጥፍ የሚልበት ቦታ ላይ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ነበረ ነው እንግዲህ! ዛሬ የቀረው ግንቡና ጭስ ማውጫው ነው፤ እሱም አናቱ ላይ ሣር በቅሎበታል።

ፋብሪካውን እዚያ ያቆመው ሰው ግን ሞኝ አልነበረም። ውሃው በጋ ከክረምት ይወርዳል፣ የጅማው መንገድ አጠገቡ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ አፍንጫው ሥር ናት። ከፍ ብሎ ሽመና ክፍልና ፈትል ክፍል፣ ወንዙ ጥግ ማቅለሚያው፣ ከማቅለሚያው በታች ካምፑ፣ የሠራተኞቹ ቤቶች በተርታ። ተርታዎቹንም ሰው «ሽመና መስመር»፣ «ፈትል መስመር» እያለ ነበር የሚጠራቸው። ከታች ያሉት ገበሬዎች ፋብሪካው ምን እያመረተ እንደሆነ ማንንም አይጠይቁም፤ ወንዙን ማየት ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከወረደ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ መስከረም ቀርቧል። ካኪ ሆኖ ከወረደ የወታደር ልብስ ነው፤ ያን ጊዜ ወንድ ልጅ ያላት እናት ልጇን ትደብቃለች። ላሞቹም ያንኑ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ላምን ማን ይጠይቃታል!

ተስፋነሽ ከሆሳዕና በኩል መጥታ ሽመና ክፍል ስትቀጠር ገና ልጅ እግር ነበረች። አቤት የዚያ አዳራሽ ጩኸት! ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ አጠገብሽ ያለችው ሴት ጆሮሽ ውስጥ ገብታ ብትጮህ አይሰማሽም። ታዲያ ሰው ሳያወራ ይውላል? አይውልም። ሸማኔዎቹ ድምፃቸውን ትተው በከንፈር ማውራት ያዙ። አፍ በደንብ ይከፈታል፣ ቃሉ ቀስ ተብሎ ይቀረጻል፣ የጎደለውን እጅ ይሞላዋል። ማሽኖቹ የስኮትላንድ ነበሩ፤ እነሱን ሊተክል አብሮ የመጣው ሽማግሌ መካኒክ ሴቶቹ እንዲህ ሲያወሩ አይቶ ሳቀ አሉ። እሱም የተወለደው ወንዝ ዳር ባለ የፋብሪካ መንደር ነው፤ እናቱም ሸማኔ ነበረች፤ እቤት ገብታም እንኳ ድምፅ ሳታወጣ ነበር የምትቆጣው። በአስተርጓሚ ይህን ነገራቸው። ሴቶቹም ፈረንጅ እንደነሱ በከንፈር ያማል ብለው ብዙ ቀን ሲስቁ ሰነበቱ።

ከተስፋነሽ ማሽን ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ሬሐና ነበረች። የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት፤ ባሏ ሸምሰዲን ካምፑ በር ላይ ሱቅ ነበረው። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ሙስሊም፤ እንዲያ ሆነው ሲቀላለዱ አንድ ሺፍት ያልቃል። በረመዳን ተስፋነሽ ሆን ብላ ስለ ክትፎ ስታወራላት ሬሐና መወርወሪያውን አንስታ «በዚህ ነው የምልሽ!» ትላታለች። ሬሐና ልጇን ፈሀድን መፀነሷን እንኳ ከሸምሰዲን በፊት ለተስፋነሽ ነበር የነገረቻት፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል፣ ካቦው በመካከላቸው እያለፈ፣ እሱ ምንም ሳያውቅ። ተስፋነሽ አላገባችም፣ አልወለደችም። የሆዷን የምታወራው ለዚች ሴት ብቻ ነበር።

ፋብሪካው በንጉሡ ዘመን ተከፈተ፣ ደርግ ወረሰው፣ ቆይቶ ለባለሀብት ተሸጠ። ባለሀብቱ መጀመሪያ ጥጥ ጠፋ አለ፣ ቀጥሎ መብራት ጠፋ አለ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ጠፋ። ሰዉም ተበተነ፤ ገሚሱ አበባ እርሻ፣ ገሚሱ ግንባታ፣ ገሚሱ ወዳገሩ። ሸምሰዲን ሲሞት መርካቶ አጎቱ ዘንድ ያደገው ፈሀድ እናቱን ቡራዩ ወሰዳት። እሷም ስትሄድ ለተስፋነሽ የልጇን ስልክ ቁጥር ሰጠቻት። ስልክ! የሁለቱም ጆሮ ያኔ ከነአካቴው ሄዷል እኮ፤ ማሽኑ በልቶታል። ለደንቆሮ ስልክ ምን ይሠራል?

ከዚያ ወዲያ ተስፋነሽ ሽመና መስመር ላይ ብቻዋን ቀረች። ሰው አጥታ አይደለም። ሰው ሞልቷል፤ ከንፈሩን አላቆ የሚያወራ ነው የጠፋው። የዛሬ ልጅ ሲያወራ አፉን አይከፍትም፣ ዓይኑም ስልኩ ላይ ነው። ሱቅ ስትሄድ በጣቷ ታሳያለች፣ ትይዛለች፣ ትመለሳለች። አንዳንዴ ሳምንት ያልፋል፣ ከሰው ጋር የተለዋወጠችው ቃል የለም።

በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ካምፑ ሊፈርስ ነው የተባለው። መጋዘን ይሠራበታል፤ እስከ ሰኞ ልቀቁ። የወንድሟ ልጅ ሩታ «አክስቴ፣ ሆሳዕና ነይ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ» ብላ ላከችባት። ደግ ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን እሷም ስታወራ ጥርሷን ነክሳ ነው። ተስፋነሽን ያስጨነቃት የቤቱ መፍረስ አልነበረም። ቤትማ ቤት ነው። የቀራትን ዕድሜ አንዲት ሰው ሳታናግር መጨረስ ነው ያስፈራት። አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች፤ የሚሄዱባት አንዲት ቦታ ብቻ አገኘች። ቡራዩ ሄጄ ሬሐናን እለምናታለሁ አለች። «አንዲት ጥግ ስጪኝ፣ ካንቺ ጋር ልኑር።» በቃ፣ ይህችን ነው የምላት።

ኦቦ ዲሪርሳ፣ የፋብሪካው የቀድሞ ዘበኛ፣ ለፈሀድ ደወለላት። ጠዋት በሯ ላይ ቆሞ «አካም ቡልቴ» አለና፣ አፉን በጣም ከፍቶ፣ ምላሱ እስኪታይ ድረስ፣ «ነይ ብለዋል! ቅዳሜ!» አላት። ደግነቱ ይህ ሽማግሌ ለሷ ሲል አፉን ይከፍታል። ጥርስ ስለሌለው ግን ከሚለው ግማሹ አይያዝም።

ቅዳሜ ነጠላዋን አጣጥፋ ለብሳ ወጣች። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በአስኮ አድርጎ ቡራዩ። ረዳቶቹን ማን ያማቸዋል፤ በዚህ አገር ከንፈራቸው የሚነበብ እነሱ ብቻ ናቸው። መስኮት ዳር ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ ያቺን አንድ ነገር ስትለማመድ ሄደች። አንዲት ጥግ ስጪኝ። ካንቺ ጋር ልኑር። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አንድ ሁለቴ ዞር ብላ አይታት ትንሽ ራቅ አለች።

ፈሀድ ገበያው አጠገብ የመጋረጃ ሱቅ ከፍቷል፤ ወፍሯል፣ ፂሙም ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። «እትዬ ተስፋነሽ! እንኳን መጡ!» ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ቤቱ ድረስ ይዟት ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመና ፊቱን አጨለመ።

«ቀስ ብለህ፣ አፍህን ከፍተህ ንገረኝ» አለችው።

«እናቴ ታማለች» አላት። «ጭንቅላቷን ነው መሰለኝ። ለብቻዋ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ የለውም። እጇን ታወናጭፋለች። አንዳንዴ ትስቃለች። ሐኪም አየናት፤ ሼህም ቁርአን ቀሩባት። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አትነካም፤ ግን ልጆቹ ይፈሯታል።»

ተስፋነሽ መንገዱ መሀል ቀጥ አለች። ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ። ወይ ሬሐና! ይህቺ እኮ እያወራች ነው! ማሽኑ ማዶ ላለችው፣ ለሷ ለተስፋነሽ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከግድግዳ ጋር እያወራችላት ነው። «አልታመመችም! እኛ ፋብሪካ እንዲህ ነበር የምናወራው!» ብላ ጮኸች፤ ምን ያህል እንደጮኸች ለራሷ አልተሰማትም፣ መንገደኛው ግን ሁሉ ዞረ። ፈሀድ አሮጊት ላለማስቀየም እንደሚደረገው «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ቤቱ ሙሉ ነበር። ምራቲቱ ሩዋይዳ፣ ልጆች፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፤ ከጓሮ በኩል ደግሞ በሩ የተዘጋ አንድ ክፍል። ተስፋነሽ ገና ስትገባ ያየችው ያንን በር ነው፤ ለኔ ናት አለች በሆዷ። ሬሐና ጥጉ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እሷ ወደ ግድግዳው። ከስታለች። ዞር ስትል ተስፋነሽን አየች።

አልተቃቀፉም። ተስፋነሽ ሄዳ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ በመሀላቸው አንድ ማሽን የሚያስቆም ቦታ ትታ። ሁለቱም አላሰቡበትም፤ ሰውነታቸው ነው ልኩን ያወቀው።

«አርጅተሻል» አለቻት ሬሐና በከንፈሯ።

«አንቺስ! መስታወት የለም እዚህ ቤት?»

ሬሐና ሳቀች። ልጆቹ ተደናግጠው እናታቸው ቀሚስ ሥር ገቡ። ሬሐና ግን ማንንም አላየች፤ ዓይኗ የተስፋነሽ አፍ ላይ ተተክሏል፣ የተራበ ሰው ሳህን እንደሚያይ።

«ወንዙ ዛሬ ምን ሆኖ ወረደ?» አለቻት።

አሁን ተስፋነሽ እውነቱን መናገር ነበረባት። ወንዙ ምንም ሆኖ አይወርድም፣ ማቅለሚያው ጣራው ወድቋል፣ ማሽኖቹ ለብረት ተሸጠዋል ማለት ነበረባት። ግን ያን ፊት እያዩ እንዴት ይባላል? «ሰማያዊ» አለቻት።

«መስከረም ሊጠባ ነዋ!» ሬሐና እጇን አጨበጨበች። «ሽመና መስመርስ?»

«አለ።»

«የኔ ቤትስ? በሩ?»

«በሩም እንዳለ ነው። ሰማያዊ ቀለሙ ትንሽ ተላጥቷል እንጂ።»

የሬሐና ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። ውሸት አንዴ ከአፍ ከወጣ ወዲያ የሚቀጥለው አያስቸግርም፤ ሱቁንም አስከፈተችላት፣ ቧንቧውንም አስወረደችላት፣ የሞቱትንም ሁለት ሴቶች ደህና ናቸው አለቻት። ከምሳ በኋላ እውነቱን እነግራታለሁ፣ ከዚያ ጥጓን እለምናለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ትንሽ ብቻ እንዲህ ትየኝ ብላ ነው። እሷም ራሷ ደስ ብሏታል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«እዚህ ማንም አያናግረኝም» አለች ሬሐና። «ደጎች ናቸው። ያበሉኛል፣ ያጥቡኛል። አያናግሩኝም። አንቺን ነበር የማናግረው።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ብድግ አለች።

ተስፋነሽ ወዴት ልትሄድ ነው ብላ ስታይ፣ ሬሐና ከቁም ሣጥኑ ሥር ሻንጣ ሳበች። ሻርፕ ከተተች፣ መስገጃዋን ከተተች፣ ጫማዋን አደረገች። ቀጥላ ሩዋይዳን በድምፅ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በድምፅ፣ ተናገረቻት። ተስፋነሽ ከንፈሯን አነበበች፦ «ሰበታ ልሄድ ነው። ቤቴ። ተስፋነሽ ልትወስደኝ ነው የመጣችው።»

ሩዋይዳ ባሏን አየችው። ፈሀድ ተስፋነሽን አያት። «እውነት ነው እትዬ? ቤቱ አለ እንዴ?» አለ፤ ፊቱም ላይ ሊደብቃት የሞከራት እፎይታ ነበረች። «ደስ ካላትማ እኛ ምን ቸገረን፣ ትሂድ። እኔም እየመጣሁ አያታለሁ።»

ተስፋነሽ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ተነስታ ሬሐናን ትከሻዋን ይዛ መልሳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሻንጣው ግን ከሬሐና እጅ አልወጣም። ፊቷን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ነገረቻት። ዋሸሁሽ። ወንዙ ቀለም የለውም። ማቅለሚያው ፈርሷል። ቤትሽ ድሮ ሄዷል። የቀረኝን የኔንም ሰኞ ያፈርሱታል።

ሬሐና እስከ «ሰኞ» ድረስ አነበበች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ሽመና ክፍል ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም። ስድብ ይመለሳል፣ ዱላም ይታረቃል፤ ዓይኗን የጨፈነችብሽ ሴት ግን በሯን በጥርቅም ዘጋችብሽ ማለት ነው፣ ምን ብትዪ አይገባም። ሁለቱ ፊት ለፊት በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንዷ በሌላዋ ላይ ጨፍና አታውቅም ነበር።

«ሬሐና» አለች ተስፋነሽ። «ሬሐና፣ ግለጪ። ክፉ ብዬ አይደለም። ደስ ሲልሽ አየሁና ነው። እኔ ልወስድሽ አልመጣሁም፣ እንድትወስጂኝ ነው የመጣሁት። አንዲት ጥግ ስጪኝ። እዚያ ጓሮ ያለችው ክፍል ትበቃኛለች፣ እሷም ከሌለች እዚሁ ምንጣፉ ላይ። ሆሳዕና ከሄድኩ የሚያናግረኝ የለም። ካንቺ ጋር ልኑር። እባክሽ ግለጪ።»

ጉልበቷን ያዘቻት፣ እጇን ጨበጠቻት፣ እንደገና ከመጀመሪያው አለችው። ሬሐና ሻንጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ተቀምጣለች፤ ከሽፋሽፍቷ ሥር እንባ ይወርዳል፣ ግን አልገለጠችም። ተስፋነሽ ያን ሁሉ ልመና ያለ ድምፅ ነበር የምታወራው። ከሬሐና ጋር ስታወራ ድምፅ የሚባል ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም።

ቤተሰቡ ያየው ሌላ ነው። እንግዳዪቱ ተንበርክካ፣ የታመመችዋን እጅ ይዛ፣ እንባዋን እያፈሰሰች በለሆሳስ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ፈሀድ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ሩዋይዳ ልጆቹን ዝም አሰኝታ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም ጸሎት ጸሎት ነው ብላ፣ መዳፎቿን ዘርግታ በአክብሮት ጠበቀች። የተስፋነሽ ከንፈር ሲቆም መዳፎቿን ፊቷ ላይ አበሰችና «አሚን» አለች።

ተስፋነሽ ቀና ስትል ቃሉን ከሩዋይዳ ከንፈር ላይ አጥርታ አነበበችው።