ጯሂውና ገበቴው

ወለተ ሚካኤል የእንግዶቹን ድምፅ ከአጥሩ በር ስትሰማ ጯሂውን ከአልጋው ሥር ለመክተት ትታገል ነበር። አልገባም አላት። እንጨቱ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ክብ ብረት ደግሞ አክንባሎ ያክላል። ተንበርክካ ስትገፋው እጇ ቁልፉን ነካው መሰል፣ አልጋውም የሽቦ አልጋ ነውና፣ መሣሪያው ቤቱን የሚያናጋ ጩኸት ለቀቀው። እንግዶቹ ደጃፍ ላይ ቀጥ አሉ። ቁልፉን በዳበሳ ፈልጋ እስክታጠፋው ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ጉድ ፈላ! እንዲደበቅ የተፈለገው ዕቃ ራሱ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

ጯሂው የባሏ የወልደ ዮሐንስ ነው። ወልደ ዮሐንስ የስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሽቦውን እየተከተለ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ጣሊያን ሲወጣ ቁልቋል በር ላይ ፈንጂ ለሚያነሱ ፈረንጆች ዕቃ ይሸከም ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው መሣሪያቸው ተሰባብሮ ለሐራጅ ሲቀርብ እንደ ቁራጭ ብረት ገዝቶ ጠገነው፤ ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ ድምፅ ማውጫ ነቅሎ ቀጠለለት። ከዚያ ወዲህ ሰንበትና በዓል በመጣ ቁጥር፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ጯሂውን ትከሻው ላይ ጣል፣ የሚስቱን ገበቴ ብብቱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ ወደ አንገረብ ወንዝ ይወርዳል። ጯሂው ብረት ይፈልጋል፣ ገበቴው ወርቅ። ጯሂው እስካሁን ያገኘው የጥይት ቀለህ፣ የልጓም ስባሪና አንድ የጣሊያን ሹካ ነው። ገበቴው ውስጥ ደግሞ አሸዋውን በውሃ እያዞረ ሲያጥበው አልፎ አልፎ የምትብለጨለጭ ብናኝ ከሥር ትቀራለች። እሷን ውስጡ ባዶ በሆነ የንስር ላባ አገዳ ውስጥ ያጠራቅማታል። የስንት ዓመት ልፋቱ የላባዋን ግማሽ እንኳ አልሞላም። "ላም አለኝ በሰማይ!" ትለዋለች ወለተ ሚካኤል። እሱ ይስቃል እንጂ አይተውም። እሷን ከሁሉ የሚያንገበግባት ገበቴው ነው፤ ስትዳር እናቷ የሰጠቻት የዋንዛ ገበቴ ነበር።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የቤቱ የነፍስ አባት አባ ሐብተ ማርያም፣ ሌላው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አያ የሻው። ዳኛው የሚባለው የአያ የሻው ልጅ የወለተ ሚካኤልን ልጅ ሐረገወይንን ሊያገባ ለጥር ቀን ተቆርጧል። አያ የሻው ጎተራቸው ሙሉ፣ ቃላቸው የታፈረ ሸጋ ገበሬ ናቸው። ዛሬ የመጡት ግን ለደግ አይደለም። ገበያ ላይ አንዱ "ልጅህን ለአንጥረኛ ቤት ልትድር ነው አሉ" ብሏቸዋል። በዚያ አገር አንጥረኛ ማለት ጠይብ፣ ጠይብ ማለት ቡዳ ነው። አባ ሐብተ ማርያም የሚያሳልሙትን የብር መስቀል ማን እንዳበጀው ግን የሚጠይቅ የለም።

ሐረገወይን ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ የሻሿን ጫፍ ታኝካለች። ዳኛውን ትወደዋለች። ይህ ጋብቻ በዚህ ወሬ ከፈረሰ ሌላም ደጅ የሚጠና እንደማይመጣ እናትም ልጅም ያውቁታል።

ጠላ ቀረበ፤ ስለ አዝመራው ተጠያየቁ። ከዚያ አያ የሻው ዋንጫቸውን አስቀምጠው ከፊታቸው ወደተቀመጠው ወደ ወልደ ዮሐንስ ዞሩ።

"ወርቅ ያጥባል ይሉሃል" አሉ።

"አዎ፣ አያ።"

"ትሸጠዋለህ?"

"አልሸጠውም።"

"ታነጥረዋለህ?"

"እሱንስ አላውቅበትም።"

"ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?"

"አየዋለሁ" አለ።

እዚህ ላይ ቢዋሽ ምናለበት፣ አለች ወለተ ሚካኤል በሆዷ። ለልጄ ቀለበት ላሠራበት ነው ቢል ምን ይጎዳዋል? ሰውዬው ግን ውሸት አይሆንለትም፤ ከድሮም እንዲሁ ነው።

አባ ሐብተ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት አንገረብ ዳር ስትምስ ታይተሃል። ሥራ ከሆነ በዓል ሽረሃል።"

"ሥራ አይደለም፣ አባ። ሥራዬ ስልክ ነው። ይኼ ጨዋታ ነው።"

ወይ አበሳ! ሥራ ነው ቢል በዓል መሻሩንም አንጥረኝነቱንም ማመኑ ነበር፤ ጨዋታ ነው ሲል ደግሞ የባሰውን ጎተተ። ትልቅ ሰው ከተጫወተ ገበጣ አለ፣ ነገር አለ፤ ወንዝ ወርዶ አሸዋ ማጠብን ጨዋታ ያለ ሰው በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

"ልጁን የሚድር ሰው በጭቃ ይጫወታል?" አሉ አያ የሻው። "እኛ ጨዋ ቤት ብለን መጣን እንጂ ጨዋታ ቤት ብለን አልመጣንም።"

ብዙ ተባለ። አያ የሻው ይህ ነገር ካልቆመ የተቆረጠውን ቀን እንደሚያፈርሱ ተናገሩ፤ አባ ሊያለዝቧቸው ሞከሩ፣ አልለዘቡም። ወልደ ዮሐንስ ወደ ጓዳው ተመለከተ። ከመጋረጃው በታች የልጁ እግሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይታያሉ።

"ይሁን" አለ።

አባ ሐብተ ማርያም ቆመው መስቀላቸውን አነሡ። "ከዛሬ ጀምሮ ያን ጯሂም ያን ገበቴም በእጅህ ብትነካ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ።" ወልደ ዮሐንስ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ቀኑም ጸና።

ወለተ ሚካኤል ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ለዚህ ስለት ስትሳል ነው የኖረችው። ጯሂውን በአሮጌ ቡልኮ ጠቅልላ ጥግ አቆመችው፤ ገበቴዋን ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጥባ ወደ ጓዳዋ መለሰችው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ዳቦ ሲቆረስ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ አለ። ሐረገወይን ተፋችው። ወልደ ዮሐንስ ግን ቀስ ብሎ አላመጠና "ይቺስ ከድልድዩ በታች ያለችው አሸዋ ናት" አለ። ከተገዘተ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኅዳር ጽዮን መጣ። ወልደ ዮሐንስ አስቀድሶ ተመለሰና ነጠላውን እንደለበሰ አጥሩ በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣም። ለጊዮርጊስም እንዲሁ። ድሮ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እያንጎራጎረ ሲገባ ትቆጣው ነበር፤ አሁን ንጹሕ ሆኖ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምን እንደምትለው ጠፋት። አንጀቷን በላው።

ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አያ የሻው ብቻቸውን መጡ። በቅሏቸውን ከአጥሩ አሥረው ገቡ፤ ጤና ጠየቁ፤ ደግመው ጤና ጠየቁ። ዓይናቸው ግን በቡልኮ ከተጠቀለለው ነገር ላይ አልነቀል አለ።

"ምነው አያ፣ በደኅና ነው?" አለ ወልደ ዮሐንስ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ጣሊያን መሣሪያ ሲያስፈታ የአያ የሻው አባት ምንሽራቸውን ቅባት ቀብተው፣ በቆዳ ጠቅልለው ከማሳቸው አንድ ቦታ ቀበሩት፤ ቦታውን ሳይናገሩም ሞቱ። ታናሽ ወንድማቸው አለነ "የሻው አውጥቶ ሸጦታል" ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ ቃል አይለዋወጡም። ለሰርጉ ሽማግሌ ቢላክበትም፣ ጠመንጃውን አሳየኝና እመጣለሁ አለ። አያ የሻው ይህን ሲናገሩ የሚያሳዝኑ ሽማግሌ ሆኑ።

"ያ ዕቃ ብረት ያገኛል አይደለም?" አሉ።

"ጠልቆ ካልተቀበረ ያገኛል" አለ ወልደ ዮሐንስ። "እኔ ግን ተገዝቻለሁ፣ አያ። አንቱም ነበሩ።"

አያ የሻው አንገታቸውን ደፉ። አባን ግዝቱን ይፍቱለት ብሎ መለመን ይቻላል፤ ግን ለምን ብለው ቢጠይቁ ምን ሊመልሱ ነው? ወር ሳይሞላ ያስገዘቱትን ራሳቸው ሲያስፈቱ አገር ይስቅባቸዋል።

ወለተ ሚካኤል ጓዳ ሆና በእናቷ ገበቴ ሊጥ ታቦካ ነበር። እጇን ሳትታጠብ ወጣች።

"አያ፣ የተገዘተው እሱ ነው። እኔ አልተገዘትሁም" አለች።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። "ታውቂበታለሽ?"

"ቁልፉን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ሰፈሩን ያስደነገጥሁት እኔ አይደለሁ? የቀረውን አንተ ትነግረኛለህ። እጅህን ገዘቱት እንጂ አፍህን አልገዘቱትም።"

"አልሸሹም ዞር አሉ" አሉ አያ የሻው፤ ፊታቸው ግን ፈታ አለ። "እንግዲያስ ማክሰኞ በቅሎ ልላክላችሁ?"

"ማክሰኞ ሥራ አለኝ። ለሚካኤል እንመጣለን፣ ከቅዳሴ በኋላ" አለች።

"ለሚካኤል? በዓል እኮ ነው እመት። በበዓል መሬት መማስ..."

"ሥራ ነው እንዴ?" አለች ወለተ ሚካኤል። "ጨዋታ ነው።"

አያ የሻው ያግዘኛል ብለው ወደ ወልደ ዮሐንስ ቢያዩ እሱ መሬት መሬት ያያል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ጢማቸውን እያሹ ቆዩ። ከሰርጉ በፊት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ አለነ ደግሞ ባዶ እጅ የሚታረቅ ሰው አይደለም።

"ጨዋታስ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጆቹም ዶማ ይዘው ይጫወታሉ።"

በቅሏቸው ላይ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ወለተ ሚካኤል ባሏን ከዚህ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ስንት ወንዝ እንዳለ ጠየቀችው። እሱ ከሽቦው ሥር የሚያልፈውን ወንዝ ሁሉ በየስሙ ጠራላት።

"ወርቅ ያለበት የትኛው ነው?"

"እኔ እንጃ" አለ። "በአንዳቸውም አልሞከርሁም።"

ጓዳ ተመለሰች። የተቦካውን ሊጥ በጣቷ ጠርጋ ወደ ቡሃቃው ገለበጠችው። ከዚያ ገበቴውን በውሃ አለቀለቀችና ጥግ ከቆመው ከጯሂው አጠገብ አስደግፋ አኖረችው።