አንድ መስመር ወደ ላይ

እና አሁንም ባትሪ ይላል፣ ባትሪ፣ ባትሪ፣ ምነው አፉን ቢዘጋ፣ ጋሽ አዘዘ ከየብርጓል ወንበር ጀርባ ቆሟል፣ ትንፋሹ ማጅራቷን ይመታዋል፣ ኮሌጅ ያስተማራት፣ እዚህ ቢሮ ያስቀጠራት ሰው፣ በሆዷ አንቱታውን ከነጠቀችው ሰንብታለች። ከርነሉን፣ ለጣና ጀልባዎች የተሠራውን የድረሱልኝ መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፈው እሱ ነው፣ ዓሣ አጥማጁ ሲጨንቀው ቀዩን አዝራር ይጫናል፣ መልእክቱ ወደቡ ይደርሳል፣ ዓሣ አጥማጁ ሂሻም ግን ሰጠመ፣ ወደቡም ምንም አልሰማ። አልተጫነውም፣ ተባለ። ሚስቱ መዲና ታች ተቀምጣ መልስ ትጠብቃለች።

ምን መልስ። ጀልባው ሲናወጥ መሣሪያው ያለበትን ቦታ በላይ በላዩ ይልካል፣ በዚያው ቅጽበት አዝራሩ ከተጫነ ሁለቱም መልእክቶች አንዱን የመላኪያ ሣጥን ያዩታል፣ ባዶ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ ሣጥኑን አይቶ ነው የሚቆልፈው፣ ቆልፎ አያይም፣ ጅል። ጅል? እሷስ ስሕተቱን ነሐሴ ላይ አይታዋለች እኮ። አይታ፣ የመምህሬን መስመር እንዴት እነካለሁ፣ ሰው ፊት እንዴት አሳፍራለሁ፣ ብላ ከጎኑ ሁለቱ እንዳይጋጩ የዐሥር ሚሊሰከንድ ማቆያ ሸጉጣ ዝም፣ መሣሪያው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ፈተናውን አለፈ፣ ተጨበጨበ። ይሉኝታ ብሎ ነገር፣ ገደል ይግባ።

ማዕበል አስመስላ አንድ ሺህ ጊዜ ትሞክረዋለች። ስድስት መቶ አርባው የድረሱልኝ መልእክት ጠፋ። ማቆያውን ታጠፋዋለች፣ መቆለፊያውን አንድ መስመር ወደ ላይ ታወጣዋለች፣ እንደገና አንድ ሺህ፣ አንድም አልጠፋ። አንድ መስመር! ከሐይቁ ዳር ደንገል መሀል የተገኘውን የሂሻምን መሣሪያ ትከፍታለች፣ የአዝራሩን ቆጣሪ ታያለች፣ ሦስት።

ባትሪው አልቆ ነበር በያት፣ ይላል፣ ለሟቹም ለኛም ይሻላል የኔ ልጅ። የማን ልጅ። እርስዎ ወርደው ይንገሯት፣ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ትነሣለች፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ መዲና ቀና ትላለች።

ተጭኖት ነበር፣ ሦስቴ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ የኔም፣ አይቼ ዝም ብያለሁ።

መዲና አትጮህም። ተጭኖት ነበር? ትላለች። እኔኮ ይሄ እልኸኛ፣ ለልጁ ሲል እንኳ አንድ ጣት ማንሣት አቃተው እያልሁ ሁለት ወር ሙሉ ስረግመው ከረምሁ። ልጃችንን ናኢማን እንኳ የአባትሽን ስም እንዳትጠሪብኝ ብያታለሁ።