ከበደች ያልተናገረችው

የእትዬ ከበደች ንዴት ለብቻው ነበር። ቀራንዮ ሰፈር ተናዳጅ ሴት አጥቶ አያውቅም፤ የእሷ ግን አብሯት ይነሳል፣ አብሯት ይተኛል። ምን ታድርግ? አንድ ልጇን ፈቀደን ለብሔራዊ ውትድርና ያሳፈሰባት የጎረቤቷ የዘመነች ምላስ ነው። ልጁ አየር ጤና አጎቱ ቤት ተደብቆ ሳለ፣ ዘመነች በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ "ፈቀደማ አጎቱ ጋ ነው" ብላ ዘረገፈችው። በማግስቱ ሄደው ወሰዱት። ወደ ሰሜን ከተጫነ ወዲህ ድምፁ የለም።

ይኸው ዘንድሮ ደግሞ ተራው የዘመነች ልጅ የደመቀ ሆነ። ዘመነች "ጎጃም ዘመድ ጋ ሄዷል" ትላለች። ውሸቷን ነው! ሁለቱ ቤቶች ግድግዳቸው አንድ ስለሆነ፣ ከበደች ልጁ ኮርኒስ ላይ ሲላወስ ትሰማዋለች። በሰማች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል። "የኔን አስበልታ የሷን ጣራ ሥር ታሞቃለች!" አንዲት ቃል ለቀበሌ ጠብ ብታደርግ አለቀ፤ ደመቀም እንደ ፈቀደ ይጫናል።

ላለመናገር ያልሞከረችው የለም። መጀመሪያ "ብናገር መድኃኔዓለም አይማረኝ" ብላ ማለች። መሐላው ይባስ አብከነከናት፤ የማትናገረው ነገር ቀኑን ሙሉ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቀጥላ በገዛ ፈቃዷ ጾም ያዘች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ጉድ እኮ ነው፤ የተናደደ ሰው ሲርበው ይብስበታል እንጂ ይበርድለታል? አንድ ቀን ረሃብና ንዴት ተጋግዘው ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ቀበሌው በር ወሰዷት። የመለሳት ጽድቋ እንዳይመስላችሁ። ሊቀመንበሩ ምሳ ወጥቶ ነው።

በራሷ ደንግጣ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ አየለ ሄደች።

"አባቴ፣ ብጾም ብሰግድ ልቤ አልመለስ አለኝ። ስግደቱን ይጨምሩልኝ!"

"አልጨምርም" አሉ ቄሱ።

"ለምን?"

"በራስሽ ጉልበት ነዋ የያዝሽው። ጾምሽም መሐላሽም 'እኔ እችላለሁ' ነው የሚለው። እስቲ ጌታን 'አልችልም፣ አንተ ያዘኝ' በይው።"

"ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው ልጄ።"

ብሽቅ ብላ ወጣች። "ለዚህ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት? ይኼንንማ ሕፃንም ይለዋል" እያለች፣ እያጉረመረመች ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ግቢያቸው ገባ። ዘመነች በሯ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ መሰለ። ሰውዬው ግን እሷን አልፎ ወደ ከበደች ዞረ። የሁለቱን ጠብ የማያውቅ የለማ!

"እትዬ ከበደች፣ እርስዎ ውሸት አያውቁም። የዘመነች ልጅ ቤት ውስጥ አለ?"

ኧረ ምን ዓይነት ፈተና ነው! ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። እንዲያውም ጣፈጣት። መሐላዋን አሰበች፣ አልያዛትም። ጾሟን አሰበች፣ እሱም አልያዛትም። አፏ ሲከፈት ለራሷ ታወቃት። የምትይዘው ሁሉ ሲያልቅባት ጮኸች፤

"ኧረ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ አልቻልኩም! አንተ ያዘኝ!"

ሰዎቹ ክው አሉ። እሷ ደመቀ የሚለው ስም ይወጣል ብላ ስትፈራ፣ የወጣው ልቅሶ ሆነ፤ ልጇ ከተወሰደ ጀምሮ በንዴት አንቃ የያዘችው ልቅሶ። የሊቀመንበሩን ኮሌታ ጨምድዳ ያዘች።

"ልጅ የነበረው እኔ ቤት ነው! ወስዳችሁታል! አሁን ደግሞ እኔን ትጠይቁኛላችሁ? የፈቀደን ወሬ አምጡልኝ! አለ? ሞቷል? ንገሩኝ!"

ሊቀመንበሩ "ተዉ እንጂ እትዬ፣ ተዉ" እያለ እጇን ከኮሌታው አላቅቆ ወጣ። ጥበቃዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

ዘመነች መጥታ እግሯ ላይ ተደፋች። "ከበዱዬ፣ እኔ ያንቺን ልጅ... አንቺ ግን የኔን..."

"ተነሽ! እግሬን ልቀቂ!" አለቻት ከበደች፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድ። "እኔን እንዳታመሰግኚ። እኔ ብሆን ኖሮ ሰጥቼው ነበር።"