ምንጩ ያልተከደነበት ከተማ

በዚያ ምሽት ንዴት እራቴን አስጥሎኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከምሠራበት ክሊኒክ ሰርቨር የሕሙማን ፋይል ተዘርፎ ወጥቷል፤ አለቃችን አቶ ሲራክ ግን ለሕሙማኑ ትንፍሽ እንዳይባል አዘዋል። ሕመማቸውን ከገዛ ልጆቻቸው ደብቀው እኛው ክሊኒክ የሚታከሙት ጎረቤቴ እትዬ ትርንጎ ዛሬም ከበራቸው ላይ ሆነው በፈገግታ ሰላም አሉኝ። ፋይላቸው ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ እንደሚዞር አያውቁም። ሰርቨሩን ኮዱን ማንም አይቶ ሊመረምረው በሚችል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንተካው ብዬ ብለምን፣ አቶ ሲራክ በስብሰባ መካከል፣ «ክፍት? አንተ ልጅ፣ የተዘጋውን እየዘረፉን ጭራሽ ክፍቱን ልታመጣልኝ?» ብለው አሳቁብኝ። ወይ አለማፈር! እንዲህ እየተብሰለሰልኩ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆም ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ጠና ያሉ ሴት እጄን ይዘው፣ «ተነስ፣ ቁጣህንም ይዘህ ና» አሉኝና በሮቿ ሁሉ ወዳማሩ፣ ሕዝቧ ግን ሆዱን ይዞ ወደሚያቃስትባት ከተማ አደረሱኝ። በመካከሏ በብረት ተከድኖ የተቆለፈ ምንጭ ነበረ።

«እናቴ፣ እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው?»

«ውኃው ውስጥ የሞተ ነገር አለ። ከፍቶ ማየት የተፈቀደው ግን ክዳኑን ለሸጠላቸው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሄደ ቆየ።»

«ታዲያ ክዳኑን አይሰብሩትም?»

«ደህንነታችን ክዳኑ ነው ይላሉ። ጉድ እኮ ነው!»

ወዲያው ወደ ሁለተኛይቱ ከተማ ተሻገርን። የእሷ ምንጭ ወለል ብሎ ይታያል፤ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች ጎንበስ ብለው ይመረምራሉ፣ ይከራከራሉም። የአቶ ሲራክ ቃል ትዝ አለኝና፣ «እንዲህ ክፍት ከሆነ ክፉ ሰው መርዝ አይጨምርበትም?» አልኳቸው።

«በል እንግዲህ፣ የአለቃህ በሽታ አንተም ላይ ተጋባ! የሚታየው አሠራሩ ነው እንጂ የቤትህ ቁልፍ አይደለም። ጥገና ማንም ያምጣ፤ ጠባቂዎቹ ሳያዩት ግን ጠጠር አይገባም።»

በምንጩ ዳር ባለው ሰፊ ሥራ ቤት ባለሙያዎች መሣሪያዎቻቸውን፣ ድረ ገጽ የሚያስተናግዱና የሚገነቡ ክፍት ሶፍትዌሮችን፣ ያነጻጽሩ ነበር። የቱ እንደሚበልጥ ይዘውኝ የመጡትን ሴት ጠየቅኋቸው።

«እንደ ሥራው ነው» አሉኝ። «ሕዝብ ባንዴ ሲጎርፍ ኢንጂንኤክስ በትንሽ ጉልበት ያስተናግዳል። አፓቼ ለየማኅደሩ የተለየ ደንብ ማውጣት ይመቸዋል። ካዲ ደግሞ መልእክቱ በመንገድ እንዳይነበብ የሚያደርገውን የምስጢር ማኅተም ራሱ አውጥቶ ራሱ ያድሳል። ድረ ገጹን ስትገነባ ጃንጎ ብዙውን መከላከያ ይዞልህ ይመጣል፤ ፍላስክ ቀለል ይላል፣ የጎደለውን ግን አንተው ትሞላለህ። ደግሞ ስማኝ! ማደሻ ሲወጣ ከማያድስ ሰው እጅ ከገባ ሁሉም ወንፊት ነው።»

ይህን ሲሉ አንዲት ሴት፣ «ስንጥቅ አገኘሁ!» ብላ ጮኸች። ገሚሱ ሊደፍን ሲሮጥ ገሚሱ ወደ ከተማው ሮጠ።

«እነዚያ ወዴት ነው የሚሮጡት?»

«ውኃውን ለጠጡት ሊነግሩ ነዋ። የእናንተ ሕሙማንስ ተነገራቸው?»

«አለቃዬ ከለከሉ...»

«የማን ሕመም ነው? የአለቃህ ነው?» ብለው ሲጮኹብኝ ከወንበሬ ዘልዬ ነቃሁ።

ነግቶ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በአቶ ሲራክም፣ በሳቁት ሁሉም። ያየሁትን በስብሰባው እነግራቸዋለሁ፤ ካባረሩኝ ያባርሩኝ! ከስብሰባው በፊት ግን የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ክፉ ወሬ ይዣለሁ» አልኳቸው። «የሕክምና ፋይልዎ ከክሊኒካችን ተዘርፎ ወጥቷል፤ ልጆችዎ ከሰው ከመስማታቸው በፊት እርስዎ ይንገሯቸው።»