የሴዳኗ ወለል

ዴልበርት መኪናዋን ከማለዳ ጀምሮ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል አረፈደ። እንደበሰለ ቼሪ የቀላች የ1934 ሴዳን ናት፤ በወረዳው የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ሜዳ ያለው ሰው እየዞረ ያያታል። ሚስቱ ቨርና ግን ዓይኗ ከኋላ መቀመጫው አልተነቀለም። እኩለ ቀን ላይ መኪኖቹ በዋናው ጎዳና በሰልፍ ሲያልፉ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ቲልዳ እዚያ ልትቀመጥ ነው፤ መቀመጫው ደግሞ ቀበቶ የለውም።

«ስንት ወር ለመንኩህ» አለችው። «ቀበቶ ማሰሪያ ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ትራፓኖው ያለው አንተው ጋ።»

«ወለሉ እኮ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ዘጠና ዓመት ማንም ያልነካውን እኔ ልብሳው?»

ቨርና ደሟ ፈላ። ይሄ ሰው ጣሪያውን በመጋዝ ቆርጦ አራት ጣት ያህል አሳጥሮታል። ሞተሩን አውጥቶ ከጭነት መኪና የተነቀለ ከቶበታል። ካምቢዮው የሌላ፣ ፍሬኑ የሌላ፤ ኮፈኑማ የት እንደገባም አይታወቅ። ወለሉ ላይ ሲደርስ ግን ቄስ ሆኖ ቁጭ አለ። ትንኝ አጥርቶ ግመል መዋጥ ይሏል ይኼ ነው።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«አንተ ቀስ ብትል፣ ከኋላህ ያለውስ?»

«ተይ እንጂ ቨርና። እኛ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ተጭነን አይደል ያደግነው?»

«ወንድምህ ታዲያ ከምን ወድቆ ነው የሚያነክሰው?»

ዴልበርት ጨርቁን ይዞ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

እሷም ትታው ሄደች። በተደረደሩት ሴዳኖች መስኮት አንገቷን እያሰገገች ወደ ውስጥ ስታይ፣ ባለቤቶቹ ያደነቀች መስሏቸው ደስ አላቸው። ከዴልበርት ጋር ለዋንጫ ሲፎካከር ሠላሳ ዓመት የሆነው ሎይድም አረንጓዴ መኪናውን ቸብ ቸብ አደረጋት።

«ቀለሟን አየሽው? ሰባት ጊዜ ነው የተቀባችው።»

«ቀለሙን ተወውና ሎይድ፣ ከኋላ ቀበቶ አላት?»

ሎይድ ግራ ቀኙን አየና የመቀመጫውን ጠርዝ ብድግ አደረገው። ቀበቶው ተጣጥፎ ከሥር ተደብቋል።

«ለትርኢት አያምርም ብዬ እሸጉጠዋለሁ። ያለሱ ሚስቴ የልጅ ልጆቼን አታስነካኝም። ለዴልበርት እንዳትነግሪብኝ፤ መሳቂያ ያደርገኛል።»

ቨርና በመኪኖቹ መሐል ወደምትዞረው የልጅ ልጇ ዞር ብላ «ቲልዳ፣ ነይ የኔ እናት» አለች።

ሞተሮቹ ሲነሡ ዴልበርት በመስተዋቱ አየ፤ የኋላው መቀመጫ ባዶ ነው።

«ልጅቷስ?»

«ሎይድ ጋ ናት። በቀበቶ ታስራ።»

«ሎይድ ጋ? ከተማው ሁሉ እያየ?»

«ወለልህ እንዳይበሳብህ ብዬ ነው» አለችና አጠገቡ ገባች። ብቻውን ብትተወው ምን እንደሚያደርግ አታውቅማ።

ከፊታቸው አረንጓዴዋ ትሄዳለች፤ ቲልዳ በጎን መስኮት እጇን ለሕዝቡ ታወዛውዛለች። ፖስታ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ ውሻ መሐል መንገድ ገባ። ሎይድ ፍሬን ያዘ፤ ዴልበርትም ያዘ፤ ቀኝ እጁም ሳያስበው ተወርውሮ ቨርናን ደረቷ ላይ ከመቀመጫው ጋር አጣበቃት። ቲልዳ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ እጇን ማወዛወዟንም አልተወችም።

ውሻው አለፈ። ሰልፉ ቀጠለ። የዴልበርት እጅ ግን እዚያው ነው።

«ዴልበርት» አለችው፤ «በሁለት እጅህ ንዳ።»